ለጠብ ቦታ እንስጠው
በኦንላይን የጋራ ድርሰት ስለ መጣላትና ስለ መተባበር የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙ ሰው እንደ ልጆች ጨዋታ የሚያየውን፣ እኔ ግን ከታላላቅ የድርሰት ትምህርት ቤቶች እንደ አንዱ የምቆጥረውን ሥራ ይመለከታል። ሰዎች በስልክና በኮምፒውተር እየተገናኙ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ በየተራ እየጻፉ አንድ ታሪክ አብረው ያቆማሉ። አንዷ ንግሥቲቱን ትጽፋለች። ሌላው ከዙፋን ሊያወርዳት የሚያሤረውን የጦር አዛዥ ይጽፋል። ሦስተኛዋ በሁለቱ መካከል ምሥጢር የምታመላልሰውን ገረድ ትጽፋለች። ታሪኩ የት እንደሚደርስ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። በእንግሊዝኛው ዓለም ሮል ፕሌይ ይሉታል፤ እኔ ዛሬ የጋራ ድርሰት እያልሁ እጠራዋለሁ።

ይህን የሞከረ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። ብቻውን ቢጽፍ የማይደርስበት ቦታ ሌሎች እንደሚያደርሱት ያውቃል። እንዲህ ያለው ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ታሪክ አልቆበት ሳይሆን አባላቱ ተጣልተው መሆኑንም ያውቃል። ሌሊቱን ሙሉ አብረው ሲጽፉ ያደሩ ሰዎች፣ ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ሌላውን ብሎክ ያደርጋል፤ ሌላው ግሩፑን ሌፍት ብሎ ይወጣል። የወራት ድካም ሳይቋጭ ይቀራል።

ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ጠብ የሌለበት ታሪክ አንባቢ አይኖረውም፤ ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ ሊጣሉ ይገባል። የጻፉትን የሚወዱ ሰዎች በሐሳብ መለያየታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቹም ይጋጫሉ። ለእያንዳንዱ ጠብ ቦታውን እንስጠው። የገጸ ባሕርያቱ ጠብ በታሪኩ ውስጥ ይሁን። የጸሐፊዎቹ አለመግባባት ከታሪኩ ውጭ ለንግግር በተዘጋጀ ስፍራ ይሁን። በንግግር ያልተፈታው ደግሞ ሁሉም አስቀድሞ በተቀበላቸው ዳኞች ፊት ይቅረብ። እሳት በምድጃው ውስጥ ያበስላል፤ ከምድጃው ከወጣ ጎጆውን ይበላል።

ይህን የሚያስረዱ ታሪኮች አሉ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1826 በሰሜን እንግሊዝ፣ ሃዎርዝ በምትባል መንደር የሚኖሩት ቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ ለልጃቸው ለብራንዌል ዐሥራ ሁለት የእንጨት ወታደሮች ይዘው መጡ። አራቱ ልጆች፣ ሻርሎት፣ ብራንዌል፣ ኤሚሊና አን፣ አንድ አንድ ወታደር መርጠው ስም አወጡለት። ትልቋ ዐሥር ዓመቷ ነበር፤ ትንሿ ስድስት። ከዚያ መጫወቻ አንድ ሙሉ ዓለም ተወለደ፦ ግላስ ታውን የሚሏት ከተማ፣ ነገሥታቷ፣ ጦርነቶቿ፣ መጽሔቶቿ፣ ባለቅኔዎቿ። ልጆቹ ገጸ ባሕርያታቸውን ተላብሰው ይጫወታሉ፤ የተጫወቱትንም በደቃቅ ፊደል፣ በመዳፍ በሚያዙ ትንንሽ መጻሕፍት ይጽፉታል።

ጠባቸው የዛሬዎቹን ጸሐፊዎች ጠብ ይመስላል። ብራንዌል ጦርነትና ፖለቲካ ይወድዳል፤ ሻርሎት የፍቅርንና የልብን ውስብስብ ነገር። ኤሚሊና አን በታላላቆቻቸው ዓለም ውስጥ ዳር ዳር የሚሉ ሆኑ። በ1831 ገደማ፣ ሻርሎት ለትምህርት ከቤት ስትወጣ፣ ሁለቱ ታናናሾች ተነጥለው ጎንዳል የተባለ የራሳቸውን ዓለም ፈጠሩ። ሻርሎትና ብራንዌልም አንግሪያ የተባለውን መንግሥት አቋቋሙ። ከዚያ በ1836፣ ሻርሎት ከቤት ርቃ በምታስተምርበት ጊዜ፣ ብራንዌል የሻርሎት ተወዳጅ ጀግና የዛሞርና ሚስት የሆነችውን ሜሪ ፐርሲን ገደላት። ሻርሎት ከሩቅ ሆና ተጨነቀች፤ ሴትዮዋ በእርግጥ ሞታ ይሆን እያለች በማስታወሻዋ ጠየቀች። በኋላም በራሷ ብዕር መልሳ በሕይወት አቆመቻት።

ሜሪ የብራንዌል ጀግና ልጅ፣ የሻርሎት ጀግና ሚስት ነበረች። ብራንዌል ሲገድላት እንደ ደራሲ ሠራ። ሻርሎት ስትጨነቅም እንደ ደራሲ ነው። ሁለቱም በእርሷ ላይ መብት ነበራቸው፤ የነገሩ ክብደት ከዚህ ይመጣል። ዛሬ በየግሩፑ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው የሜሪ ፐርሲ ጥያቄ ነው፦ ብዙዎች በሚካፈሉት ገጸ ባሕርይ ሕይወትና ሞት ላይ የሚወስነው ማን ነው?

ከእነዚሁ ልጆች ሌላም እንማራለን። መለየት ሁልጊዜ ሽንፈት አይደለም። ታናናሾቹ ጎንዳልን ለብዙ ዓመታት አብረው ጻፉት። በ1845፣ ሁለቱም ከሃያ አራት ዓመት በላይ ሆነው ወደ ዮርክ ከተማ ሲጓዙ፣ በመንገድ ላይ የጎንዳልን ሰዎች እየሆኑ ይጫወቱ እንደነበር ኤሚሊ ጽፋለች። ከኤሚሊ ግጥሞች ብዙዎቹ ከጎንዳል የወጡ ናቸው። በታላላቆቻቸው ጥላ ሥር ቢቆዩ እነዚያን ግጥሞች እናገኛቸው ነበር ብዬ አላምንም። ቂም ሳይዙ ተለይቶ የራስን መጀመር አንዱ የሰላም መንገድ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት፣ ሁለመናው በጽሑፍ የተሠራ ዓለም ጀመሩ። ከእርሱ ብዙ ዓለሞች ተወለዱ። ለጉዳያችን ትልቁን ትምህርት የተወልን ላምዳሙ የተባለው ነው። ፓቬል ከርቲስ የተባለ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪ በ1990 ጀመረው። ሰዎች በጽሑፍ በተገለጸ ሰፊ ቤት ውስጥ ይገባሉ፤ የፈለጉትን ገጸ ባሕርይ ይሆናሉ፤ አዳዲስ ክፍሎች ይሠራሉ፤ ያወራሉ።

ማኅበሩ ሲያድግ ጠቡም አብሮ አደገ። ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድሩት ሰዎች በዚያ ዓለም አጠራር አስማተኞች ይባሉ ነበር። የሰውን ክርክር ሁሉ መዳኘት ሰለቻቸው። በ1992 መጨረሻ ከርቲስ፣ ከእንግዲህ አስማተኞቹ የቴክኒክ ሥራ ብቻ ይሠራሉ፤ ማኅበራዊው ጉዳይ የነዋሪዎቹ ነው ብሎ ዐወጀ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ዳኝነቱ ሲነሣ የሚተካው ሥርዓት አልተዘጋጀም።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1993፣ አንድ ተጠቃሚ የሌሎችን ገጸ ባሕርያት ያለ ፈቃዳቸው የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ይዞ ገባ። ሰው በተሰበሰበበት ሳሎን ውስጥ፣ በሌሎች ገጸ ባሕርያት ላይ ወሲባዊ ጥቃት የሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮችን አወረደ። የገጸ ባሕርያቱ ባለቤቶች በየቤታቸው ተቀምጠው፣ እነርሱ ያልጻፉት ነገር በስማቸው ሲጻፍ አነበቡ። አካላቸው አልተነካም፤ ቁስሉ ግን እውነተኛ ነበር። ከተጎጂዎቹ አንዷ በማግስቱ ስለ ድርጊቱ ስትጽፍ እንባዋ ይወርድ እንደነበር ጸሐፊው ጁሊያን ዲበል በዚያው ዓመት ቪሌጅ ቮይስ በተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ ባወጣው ጽሑፍ አስነብቧል።

ነዋሪዎቹ ተሰበሰቡ። ይባረር አሉ አንዳንዶቹ። በምን ሕግ አሉ ሌሎቹ። ለሰዓታት ተከራከሩና ሳይስማሙ ተበተኑ፤ ክርክሩ በምን እንደሚቋጭ የተወሰነ መንገድ አልነበረምና። በመጨረሻ አንድ አስማተኛ ለብቻው ወስኖ የሰውየውን አካውንት አጠፋ። ከርቲስ ከጉዞ ሲመለስ ነዋሪዎች አቤቱታ የሚያቀርቡበትና ድምፅ የሚሰጡበትን ሥርዓት አቆመ። ያም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። በ1996 አስማተኞቹ ቴክኒኩን ከማኅበራዊው ጉዳይ መለየት እንዳልቻሉ ገልጸው ወደ ውሳኔ ሰጪነታቸው ተመለሱ።

እዚህ ያላችሁ አድሚኖች ይህን ታሪክ በልባችሁ ያዙት። ሰው የማስወጣት ሥልጣን በእጁ ያለ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም ቢልም ዳኛ ነው። ዝም ሲልም ወስኗል። ዝምታው ሁልጊዜ የሚጠቅመው ያጠቃውን ነው። ስለዚህ አድሚንነትን የሚቀበል ሰው ዳኝነትን አብሮ መቀበል አለበት፤ ካልቻለም ለሚችል ያስረክብ።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ሜሪ ፐርሲን የገደለው ብራንዌልና የላምዳሙው አጥፊ በክፋት አይነጻጸሩም። አንዱ ታሪክ ጻፈ፤ ሌላው ሰው አዋረደ። የሁለቱም ድርጊት ግን በአንድ ደጃፍ ያልፋል፦ የሌላው ድርሻ ባለበት ገጸ ባሕርይ ላይ ያለ ስምምነት መወሰን። የጋራ ድርሰት የመጀመሪያው ሕግ ከዚህ ይወጣል። የራስህን ገጸ ባሕርይ እንደ ወደድህ አንቀሳቅስ፤ የሌላውን ግን አትንካ። ገጸ ባሕርይህ ሰይፉን መዘዘ ብለህ ጻፍ፤ የሌላው ገጸ ባሕርይ አንገቱ ተቀነጠሰ ብለህ አትጻፍ። አንገቱ መቆረጡን ወይም መትረፉን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። ይህን አንድ ሕግ የጠበቀ ማኅበር ከጠቦቹ እጅግ ብዙውን ሳይጀመር አስቀርቷል።

ቀጥሎ ሁለት ሙከራዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ1931 በለንደን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዎች ማኅበር፣ ዲቴክሽን ክለብ፣ ዘ ፍሎቲንግ አድሚራል የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። አጋታ ክሪስቲ፣ ዶሮቲ ሴየርስ፣ ቼስተርተንና ሌሎችም ምዕራፍ ምዕራፍ እየተቀባበሉ የጻፉት የግድያ ታሪክ ነው። ስምምነታቸው ጥብቅ ነበር። ማንም ጸሐፊ መፍትሔውን በልቡ ሳይዝ አዲስ እንቆቅልሽ አያስገባም። ማንም ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ችላ አይልም፤ የቀደሙት የተዉትን ጣጣ ሁሉ ተቀብሎ ይቀጥላል። የብዙዎቹ መፍትሔ በመጽሐፉ መጨረሻ ታትሟል፤ እርስ በርስ ይለያዩ እንደነበር እናያለን። ይሁንና መጽሐፉ ተፈጸመ። በሐሳብ የተለያዩ ሰዎች በአሠራር ስለ ተስማሙ አብረው ጨረሱ።

በ2007 ደግሞ ፔንግዊን አሳታሚና ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው ልብ ወለድ በኢንተርኔት ከፈቱ። አምስት ሳምንት ያህል ቆየ። ወደ 1500 የሚጠጉ ሰዎች ተመዘገቡ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሰረዘው። ገጸ ባሕርያት በየሰዓቱ ጠባያቸውን ለወጡ። አንድ ተሳታፊም በታሪኩ ውስጥ ሙዝ ማስገባት ያዘ። በኋላ ሙዝ ለወደዱት ራሱን የቻለ ቅጂ ተከፈተላቸው። እንደ ማኅበራዊ ሙከራ ብዙ አስተምሯል፤ እንደ ልብ ወለድ ግን አልቆመም። ችሎታ ስለ ጠፋ አይመስለኝም። በዚያ ሥፍራ የማን ድርሻ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ አይታወቅም ነበር።

በመሐል ያለ ሦስተኛ መንገድም አለ። ኤስ ሲ ፒ ፋውንዴሽን የተባለው የጋራ የአስፈሪ ታሪኮች ዓለም በ2007 በአንድ አጭር ጽሑፍ ተጀምሮ፣ በ2008 የራሱን ዊኪ አገኘ። ብዙ ጸሐፊዎች ያሉበት እንዲህ ያለ ማኅበር በየዓረፍተ ነገሩ ሊስማማ አይችልም። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረገ። እያንዳንዱ ጽሑፍ በአባላት ድምፅ ይመዘናል፤ ድምፁ በጣም ከወረደ ይሰረዛል። የሚጋጩ ታሪኮችም ጎን ለጎን እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ እውነተኛው ይህ ብቻ ነው የሚባል ቅጂ የለም። አምስት ሰዎች ሲሆኑ በንግግር ይስማማሉ፤ አምስት መቶ ሲሆኑ ግን ልዩነትን የሚሸከም ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል።

ወደ እኛ ወደ አማርኛ ጸሐፊዎች ልመለስ። እኛ የምንጠነቀቃቸው የራሳችን ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ድምፅ አልባነት ነው። ጀስቲን ክሩገር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ሰዎች በኢሜይል የጻፉት ነገር በምር ይሁን በምፀት አንባቢው እንደሚለየው በእጅጉ ይተማመናሉ፤ አንባቢው የሚለየው ግን ከተማመኑበት እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ይህ የየትም አገር ሰው ችግር ነው። በአማርኛ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ነን። ከቃሉ ሥር ሌላ ቃል መፈለግ ጥበባችን ነው። በጋራ ድርሰት መካከል ይህ ጥበብ ጠላት ሊሆን ይችላል። አንዱ ጸሐፊ ለሽፍታው ገጸ ባሕርይ የጻፈውን ስድብ፣ ሌላው ለእኔ የተወረወረ አሽሙር ነው ብሎ ይይዘዋል። ሳይጠይቅ በገጸ ባሕርይው አፍ ይመልሳል። ሦስት ገጽ ሳይሄድ ታሪኩ የሁለት ሰዎች ሽሙጥ መወራወሪያ ይሆናል። ቀሪዎቹ አባላት ምን እንደ ተፈጠረ ሳያውቁ ይቀዘቅዛሉ።

ለዚህ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ መጠየቅ። ከታሪኩ ወጥቶ፣ በግል ሳይሆን አስቀድሞ በተዘጋጀው የመነጋገሪያ ክፍል፣ ይህን መስመር ስትጽፊው እኔን አስበሽ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ። የተጠየቀውም ሰው በቀጥታ ይመልስ። አሽሙር የሚኖረው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው አክብሮት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሃያ ዓመት ልጅ የምትጽፈው ንጉሥ፣ የስልሳ ዓመት ሰው የሚጽፉትን ሎሌ አንተ ይላል። ይገባዋልም፤ ንጉሥ ነውና። ከታሪኩ ሲወጡ ግን ልጅቷ ሰውየውን አንቱ ትላለች። ይህን ልዩነት አጥብቀን ብንጠብቀው ከፍ ያለ ጥቅም አለው፤ ሰው በአንድ ቃል ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚናገር ያሳያል። እንካ ሰላንቲያን አስቡ። ተጫዋቾቹ ሲሰዳደቡ ማንም አይቀየምም፤ ጨዋታው በታወቀ ቃል ይከፈታልና ሁሉም ሰው ስድቡ ከዚያ ቃል በኋላ የጨዋታ መሆኑን ያውቃል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለስድብ እንኳ አጥር ያለው ቦታ ሰጥተውታል። የኛም የጋራ ድርሰት የታወቀ መክፈቻና መዝጊያ ያስፈልገዋል። ብዙ ማኅበሮች ከታሪኩ ውጭ የሚሉትን በድርብ ቅንፍ ያስቀምጣሉ፤ ሌሎች ለንግግሩ የተለየ ክፍል ይከፍታሉ። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ብቻ አትደባልቁት።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ዛሬ አንድ የአማርኛ ታሪክ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከዋሽንግተን፣ ሌላዋ ከዱባይ ሆነው ሊጽፉት ይችላሉ። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት አለ። አንዱ ሦስት ሰዓት ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስባል፤ ሌላዋ በፈረንጅ ሰዓት። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ስልክ የምትይዘው ሥራዋን ስትጨርስ ብቻ ይሆናል። እርሷ በተኛችበት ወይም በሥራ ላይ ባለችበት ሰዓት ሌሎቹ ዐሥር ገጽ ጽፈው የእርሷን ገጸ ባሕርይ ካለፉት፣ ማንም ሳይሰድባት ተገፍታለች። ስለዚህ የተራ ደንብ የፍትሕ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ለመመለስ ስንት ቀን አለው? ያ ቀን ሲያልፍ ገጸ ባሕርይው ምን ይሆናል? ይህን ቀድሞ መወሰን ቅያሜን ከምንጩ ያደርቃል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ተመራማሪ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ሰዎች ግጦሽን፣ የመስኖ ውኃንና ዓሣ ማስገሪያን የመሳሰለ የጋራ ሀብት ሳያጠፉ ለረጅም ዘመን እንዴት እንዳስተዳደሩ አጥንታለች። በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ስታገኝ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ጸንተው የቆዩት ማኅበሮች የሚመሳሰሉበትን ነገር ዘረዘረች። አባል ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ደንቡን የሚወስኑት የሚገዙበት ሰዎች ናቸው። ቅጣቱ ከቀላል ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል። ጠብ ሲነሣ በፍጥነትና በቅርብ የሚዳኙበት ስፍራ አላቸው። የጋራ ታሪክም የጋራ ሀብት ነው። እያንዳንዱ ይጨምርበታል፤ አንዱ ሊያበላሸው ይችላል።

ከዚህ ተነሥቼ ለእናንተ የምመክረው ከመጀመሪያው ትዕይንት በፊት አንድ ገጽ ስምምነት እንድትጽፉ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። በገጸ ባሕርይ ሞት ላይ ማን እንደሚወስን ይጻፍበት። በታሪኩ ውስጥ ፈጽሞ የማይገባው ነገር ይጻፍበት። በጨዋታ ዓለም ሮን ኤድዋርድስ የተባለ የጨዋታ ደራሲ ያመጣው አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ፦ ፈጽሞ የማይነካ ነገር አለ፤ እንዲህ ሆነ ተብሎ የሚታለፍ፣ ዝርዝሩ ግን ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀር ነገርም አለ። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመካከላችን ጦርነት ያየ፣ ቤተ ሰቡ የተፈናቀለበት፣ በሃይማኖቱ ወይም በብሔሩ የተሰደበ ሰው አለ። ታሪካችን ጦርነትን ሊጽፍ ይችላል፤ ሊጽፍም ይገባዋል። ሆኖም የማን ቁስል ምን ያህል እንደሚነካ ቁስሉ ያለበት ሰው ድምፅ ይኑረው።

በመሐልም የማቆሚያ ምልክት ይኑራችሁ። ጆን ስታቭሮፖሎስ የተባለ ሰው ለጠረጴዛ ዙሪያ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ የሠራው ካርድ አለ፤ ማንኛውም ተጫዋች ሲነካው ትዕይንቱ ይቀየራል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። በጽሑፍም አንድ ቃል ወይም ምልክት ተስማሙ። ምክንያቱም ስሜት ከገጸ ባሕርይ ወደ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊም ወደ ገጸ ባሕርይ ይሻገራል። ኤሚሊ ኬር ቦስ የተባለች የጨዋታ ደራሲ በ2007 ለዚህ ነገር ስም ሰጥታው ብዙዎች ይነጋገሩበታል። ለወራት የተከዳች ሴት ስትጽፍ የቆየች ጸሐፊ፣ የከዳተኛውን ጸሐፊ ማየት ቢያስጠላት አትደነቁ። የደረሰባት ነገር ደካማነት አይደለም፤ በልቧ ከጻፈች ይደርሳል። ከከባድ ትዕይንት በኋላ ከታሪኩ ወጥቶ በራስ ስም እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነህ መባባል ትንሽ ነገር ይመስላል። ብዙ ወዳጅነት ግን ያተርፋል።

ጠቡ ከተነሣስ? መጀመሪያ ብዕር ይቀመጥ። ትዕይንቱ ይቁም፤ በንዴት የተጻፈ ገጽ በታሪኩ ውስጥ ይቀራልና። ሌሊቱን አሳድሩት። ከዚያ ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስለ ጽሑፉ ተናገሩ። ሁልጊዜ ራስህን ብቻ ነው የምትወደው ከማለት ይልቅ፣ በሦስተኛው ትዕይንት የእኔ ገጸ ባሕርይ ያልተናገረውን አስነገርኸው ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ሰውየውን ለመከላከል ያስነሣዋል፤ ሁለተኛው ሊታረም የሚችል ነገር ያሳየዋል። በግል የተጻፈን መልእክት ስክሪን ሾት አንሥቶ በአደባባይ መለጠፍ ደግሞ ጠቡን ዳኛ ከሌለበት ስፍራ መውሰድ ነው። ለዳኞቹ አሳዩ፤ ለሕዝብ አትበትኑ።

በንግግር ካልተፈታ ሽምግልና አለን። ሽማግሌ ሁለቱንም ለየብቻ ይሰማል፣ ያገናኛል፣ ያጠፋውን ጥፋቱን ያሳምናል፣ ያስክሳል። በጋራ ድርሰት ካሣው ምን ሊሆን ይችላል? የተበላሸውን ትዕይንት በስምምነት መልሶ መጻፍ ነው። ያለ ፈቃድ የተገደለውን ገጸ ባሕርይ መመለስ ነው። የተነጠቀውን ተራ መስጠት ነው። ሽማግሌዎቹ ከጠቡ በፊት የተመረጡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይሁኑ፤ ከተጣሉት አንዱ አድሚን ከሆነ ከዳኝነቱ ይነሣ። ቅጣቱም ከቀላሉ ይጀምር፦ ማስታወሻ፣ ለተወሰነ ቀን ከመጻፍ መታገድ፣ በመጨረሻም መውጣት።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በጥብቅ መናገር አለብኝ። ሽምግልና ለሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። በባህላችን ለሽማግሌ ክብር ሲባል የተጎዳው ሰው ቶሎ ይቅር እንዲል ይገፋል። ለተቀማ ተራ ይህ ይሠራ ይሆናል። ወሲባዊ ትንኮሳ ሲሆን፣ ልጅን ማባበል ሲሆን፣ ማስፈራራት ሲሆን፣ የሰውን ስልክና አድራሻ መበተን ሲሆን ግን እርቅ አይቀድምም። አጥፊው በዚያው ሰዓት ይውጣ። ማስረጃው ይቀመጥ። ጉዳዩ ወደ ሕግ የሚሄድ ከሆነ ይሂድ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ባሉበት ግሩፕ ለአዋቂ ብቻ የሚሆን ትዕይንት ፈጽሞ አይጻፍ። ከላምዳሙ ነዋሪዎች የተማርነው አንዱ ነገር በጽሑፍ የተፈጸመ ጥቃትም ጥቃት መሆኑን ነው።

እስካሁን ስለ ጠብ ብዙ አልሁ። ይህን ሁሉ የምንደክመው ግን ለትብብሩ ነው። በጋራ ድርሰት መልካም ጸሐፊ የሚባለው አምሮ የሚጽፈው ብቻ አይደለም። ለሌላው በር ትቶ የሚጽፍ ነው። ትዕይንቱን ሲጨርስ ቀጣዩ ጸሐፊ የሚይዘው ነገር ያስቀምጣል፦ ያልተመለሰ ጥያቄ፣ የተንኳኳ በር፣ ያልተከፈተ ደብዳቤ። የሌላው ገጸ ባሕርይ እንዲያሸንፍም ይፈቅዳል። መሸነፍ የማይችል ገጸ ባሕርይ ያለው ጸሐፊ ሌሎቹን ሁሉ ተመልካች ያደርጋቸዋል። አዲስ የመጣ ጸሐፊ ሲኖር ነባሮቹ ገጸ ባሕርያት ከእርሱ የሚፈልጉት ነገር እንዲኖር ያደርጋል፤ ማንም የማይፈልገው ገጸ ባሕርይ የያዘ ሰው ሁለተኛ አይመለስምና። የሚሄድ ሰውም በክብር ይሂድ። ገጸ ባሕርይው ምን እንደሚሆን ራሱ ይናገር፤ ይሙት ካለ ይሙት፤ ሩቅ አገር ይሂድ ካለ ይሂድ። ስሙንም የጻፈው ላይ ተዉለት።

ይህን ሥራ ከልቤ የምወድበት ምክንያት አለ። ብቻውን የሚጽፍ ደራሲ በገጸ ባሕርያቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ ማንም እምቢ አይለውም። የጋራ ድርሰት ግን እምቢ የሚል ሰው ፊት ያቆመናል። የፈጠርነው ንጉሥ የሚያዝዘው ሎሌ የራሱ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ያ ሎሌ አልታዘዝም ሲል ተቆጥተን ግሩፑን መዝጋት እንችላለን። ተቀብለነውም ታሪኩ ማናችንም ያላሰብነው ቦታ እንዲደርስ ማድረግ እንችላለን። ሐሳቡን ከማይጋራው ሰው ጋር አንድ ገጽ ጽፎ መጨረስን የለመደ ሰው፣ በሌላውም የኑሮ ዘርፍ ከሰው ጋር መሥራትን ተምሯል። በዚህ ዘመን ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ጥቂት ነው።

ስለዚህ ግሩፕ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ሦስት ጥያቄዎችን ለአባሎቻችሁ አቅርቡ። በጋራ ገጸ ባሕርይ ላይ የሚወስነው ማን ነው? የተከፋ ሰው የት ይናገራል? ስንጣላ ማን ይዳኘናል? መልሱን እናንተ አድሚኖች ብቻችሁን አትጻፉት፤ ከሁሉም ጋር ጻፉት፤ የሚገዙበት እነርሱ ናቸውና። እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ማኅበር ይጣላል፤ ግን ታሪኩን ይጨርሳል።